ጣሪያውን አይተን ሰዉን ስንረሳ

በእንግሊዝ ሥር በነበሩ ብዙ የአፍሪካ አገሮች የከተማ ፕላን ሕግ ከእንግሊዝ የ1947 ሕግ የተቀዳ ነበር፤ የፕላነሮች ትምህርትም አብሮ ተቀዳ። ካርታና ፈቃድ የሌለው ሰፈር ለዚህ ትምህርት የለም ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው የአፍሪካ የፕላን ትምህርት ቤቶች ማኅበር ይህን ለመቀየር ተነሳ። በ2010 የድሃ ሰፈር ነዋሪዎችን ከሚያስተባብረው ስለም ድዌለርስ ኢንተርናሽናል ጋር ተፈራረመ። ከዚያም ኡጋንዳ ውስጥ የማከሬሬ ተማሪዎች ከነዋሪዎች ጋር ሆነው ሰፈሮችን አጠኑ።

እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። አስቡት፦ የሳተላይት ፎቶ ጣሪያ ያሳያል እንጂ አንድ ጣሪያ ሥር ስንት ቤተሰብ እንዳለ አያሳይም። ያንን ሳታውቁ የፍሳሽ ቱቦ ስፋት ብታሰሉ ስሌቱ ልክ ይሆናል፣ ቱቦው ግን ሞልቶ ይፈሳል። ስንት ሰው አንድ መጸዳጃ እንደሚጋራ የሚያውቀው እዚያው የሚኖረው ሰው ነው።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። እንዲህ ያለ የመስክ ትምህርት ዕድሜው አንድ ሴሚስተር ነው። ተማሪው ማርኩን ይዞ ይሄዳል፣ ነዋሪው ካርታውን ይዞ ይቀራል። ማዘጋጃ ቤትን ለማስገደድ ማኅበሩ ሥልጣን የለውም፤ እሺ። ካሪኩለሙ ግን በአባላቱ እጅ ነው። ያንኑ ሰፈር በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች ቢሰጡ ሥራው ከቆመበት ይቀጥላል። ለዚህ ደግሞ የከንቲባ ፊርማ አያስፈልግም።