የተከፈተው ቁልፍ፤ ከወንጪ እስከ ሎስ አንጀለስ

የዛሬ ተማሪ በክፍል ውስጥ ከደብተሩ ጐን ታብሌት ሲሰጠው አብሮ የሚሰጠው አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ቁልፍ ነው። የትኛውን ገጽ ማየት፣ የትኛውን ፕሮግራም መክፈት እንደሚችል፣ በካሜራው ይጠቀም አይጠቀም እንደ ሆነ ሌላ ሰው አስቀድሞ ወስኖለታል። ይህን ዐይነቱን ገደብ ሠሪዎቹ «የወላጅ ቁጥጥር» ይሉታል። ስለ ጥቅሙና ስለ ጉዳቱ ብዙ ተብሏል፤ እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር የተነሣነው ልጆች ቁልፉን በከፈቱ ጊዜ የተሰጠውን ፍርድ ነው። አንድ ዐይነት ሥራ በሁለት አገር ተፈጽሞ፣ በአንደኛው ብልኅነት፣ በሁለተኛው ጥፋት ተብሏልና። ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የመጀመሪያው በአገራችን የሆነ ነው። «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት በየመንደሩ ወደ 20 የሚጠጉ የሞቶሮላ ታብሌቶች ሰጠ። ታብሌቶቹ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ነበሩ፤ የተጫነባቸው ትምህርት በእንግሊዝኛ ሲሆን የልጆቹ ቋንቋ ግን ኦሮምኛ ነው። አስተማሪ አልተመደበም፤ ሣጥኑ እንደ ታሸገ ቀረበላቸው። የድርጅቱ መሥራች ሚስተር ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በጥቅምት 2012 ስለዚህ ሲናገሩ፣ ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ሣጥኑን ከፍተው ማብሪያውን እንዳገኙ፣ በአምስት ወር ጊዜም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ እንዳሠሩት ገለጹ። የገጹን መልክ እንዳይለውጡ የሚከለክል ፕሮግራምም ተጭኖ ነበር፤ ልጆቹ ግን እያንዳንዱ በየራሱ ስልት አስጊጦት ተገኘ። ይህ ወሬ በውጭ አገር ጋዜጦች ሁሉ በአድናቆት ተነገረ። ወሬው የተገኘው ከሰጪዎቹ አንደበት እንደ ሆነ አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ሰጪ ስለ ስጦታው ሲናገር ጥቂት ማጋነኑ አይቀርም። ዋናውን ነገር የምንጠራጠርበት ምክንያት ግን አላገኘንም።

ሁለተኛው የሆነው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። የሎስ አንጀለስ የትምህርት አስተዳደር ከ600 ሺህ ለሚበልጡ ተማሪዎቹ ሁሉ አይፓድ ለማደል አስቦ በሰኔ 2013 የመጀመሪያውን የ30 ሚሊዮን ዶላር ውል አጸደቀ። በመስከረም ወር ታብሌቶቹ ወደ ቤት መሄድ በጀመሩ ጊዜ፣ ሩዝቬልትን በመሳሰሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 300 ያህል ተማሪዎች ቁጥጥሩን ጥለው ፌስቡክና ዩቲዩብ ከፈቱ። ያደረጉት ነገር እጅግ ቀላል ነበር። ቁጥጥሩ የሚመጣው በማዕከል ካለ ኮምፒዩተር ነው፤ ታብሌቱ ያንን ትእዛዝ የሚቀበለው በውስጡ በተቀመጠ ፕሮፋይል በሚሉት መዝገብ አማካይነት ነው። ተማሪዎቹ ሴቲንግ ከሚባለው ክፍል ገብተው መዝገቡን ደመሰሱት፤ በዚያው ቁጥጥሩ ቀረ። አስተዳደሩም ታብሌት ወደ ቤት እንዳይሄድ አገደ። ዕቅዱ በኋላ የቆመው በግዢው ላይ በተነሣው ክርክርም ጭምር ስለ ሆነ፣ ውድቀቱን ሁሉ በእነዚህ ልጆች ላይ መጫን አይገባም።

እንግዲህ ሁለቱን እናነጻጽር። በሁለቱም ዘንድ ልጆች ምክንያቱ ያልተነገራቸውን ገደብ አገኙ፤ በሁለቱም ዘንድ ያለ አስተማሪ እርስ በርሳቸው ተማምረው አነሡት። የወንጪው ልጅ ስለ ምን ተመሰገነ፤ በሩዝቬልት የሚማረው የስደተኛ ቤተሰብ ልጅስ ስለ ምን ተወቀሰ? ዕድሜያቸው ይለያያል የሚል ቢኖር፣ ልዩነቱ ይልቁን ለሎስ አንጀለሱ ልጅ የሚመሰክር ነው፤ የዐሥራ ሰባት ዓመት ጐልማሳ ከስድስት ዓመት ሕፃን ይልቅ ሊታመን ይገባዋልና። እንደ እኛ አስተያየት ፍርዱ የለካው የልጆቹን ሥራ ሳይሆን የሰጪውን ፍላጎት ነው። በወንጪ ሰጪው ተአምር ሊያሳይ ፈልጎ ነበር፤ ስለዚህ የቁልፉ መከፈት ደስ አሰኘው። በሎስ አንጀለስ ሰጪው ለወላጆች ቃል ገብቶ ነበር፤ ስለዚህ አሳፈረው። የወንጪው ምስጋና ራሱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኛን ቅር ያሰኘናል። ያ ሁሉ አድናቆት የመጣው ከገጠር ሕፃን አስቀድሞ ምንም ስላልተጠበቀ ይመስለናል።

የአሜሪካን ትምህርት ቤቶች ሕግ ያስገድዳቸዋል የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። እውነት ነው፤ በታኅሣሥ 2000 የወጣው የሕፃናት የኢንተርኔት ጥበቃ ሕግ፣ ለኢንተርኔት የመንግሥት ድጎማ የሚቀበል ትምህርት ቤት ጸያፍ ሥዕሎችን እንዲያጣራ ያዛል። እኛም ይህን አንቃወምም። ነገር ግን ሕጉ ፌስቡክን በስሙ አልከለከለም፤ ዩቲዩብንም እንደዚሁ። ከጸያፉ እስከ አዝናኙ ያለውን ሰፊ ሜዳ ሁሉ በአንድ ቁልፍ የዘጋው የአስተዳደሩ ቢሮ ነው።

«የወላጅ» የሚለውም ስም የሚያታልለው በዚሁ ነው። እናት ልጇን ስትከለክል ታውቀዋለች፤ ሲያድግ ትፈታለታለች፤ ለምን ብሎ ቢጠይቃት፣ ብትቈጣም እንኳ፣ ትመልስለታለች። እኛ በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትልልቆቹ መዝገበ ቃላትና የካርታ መጻሕፍት ባለ መስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቈልፈው ይኖሩ ነበር። ቁልፉ በመምህራችን ኪስ ነበር። ካርታውን እንዲሰጡን ስንለምናቸው «እጃችሁን ታጥባችሁ ኑ» ይሉን ነበር፤ ታጥበን ስንመለስ ይከፍቱልናል። ቁም ሣጥኑን ለመስበር ያሰበ ተማሪ አናስታውስም። በመካከላችን ጨዋ ያልሆኑ ስላልነበሩ አይደለም፤ የዘጋብን ሰው ፊት ለፊታችን ስለ ነበረና ምክንያቱም በገዛ እጃችን ላይ ስለሚታይ ነበር። በማዕከል በተዘጋ ታብሌት ግን አስተማሪው ራሱ ከተማሪው ጋር ተቈልፎበታል። ለሥነ ሕይወት ትምህርት አንድ ፊልም ሊያሳይ ቢፈልግ ለቢሮው አመልክቶ መጠበቅ አለበት፤ ትምህርቱ ደግሞ አይጠብቀውም።

ጓደኞቻችን አንድ ነገር ይቃወሙን ይሆናል፤ ስልሳ ተማሪ በአንድ ክፍል ያለው መምህር ማን ጨዋታ እንደሚጫወት እንዴት ያያል ይሉናል። ክርክሩ ከባድ ነው፤ ሙሉ በሙሉ አንመልሰውም። የአፕል ኩባንያ በ2016 «ክላስሩም» የተባለውን ፕሮግራም ሲያወጣ ቁልፉን ለመምህሩ ሰጠው፤ መምህሩ የተማሪውን ገጽ ከራሱ ታብሌት ያያል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል። ይህ ከቢሮው ቁልፍ ይሻላል። ሆኖም መምህሩ የልጆቹን ፊት ትቶ ስልሳ ትናንሽ ሥዕሎችን ሲጠብቅ የሚውል ከሆነ ማስተማሩን መቼ እንደሚያደርሰው አልገባንም። ለታናናሾቹ ክፍሎች ይሁን እንበል፤ ለዐሥራ ሰባት ዓመቱ ግን ገጹን ማየት የደብዳቤ ሣጥኑን ከመክፈት ብዙ አይለይም።

የአገራችን ትምህርት ቤቶች ታብሌት በሚገዙበት ጊዜ በጨረታው ሰነድ ውስጥ ስለ ዋጋና ስለ ባትሪ እንደሚጻፍ ሁሉ፣ ሁለት ነገር ተጨምሮ ቢጻፍ እንወዳለን። አንደኛው፣ ስለ ትምህርቱ የተዘጋውን መምህሩ ለትምህርቱ ሰዓት መክፈት እንዲችል ነው። ሁለተኛው፣ የተከለከለ ገጽ በተነካ ቍጥር ለምን እንደ ተከለከለ ልጁ በሚናገረው ቋንቋ፣ በወንጪ በኦሮምኛ፣ በጐንደር በአማርኛ፣ በአድዋ በትግርኛ፣ በአጭሩ ተጽፎ እንዲታይ ነው። ምክንያቱን ጽፎ ማሳየት የሚያሳፍረው ባለሥልጣን ካለ፣ ያን ገጽ አስቀድሞ ባይዘጋው ይሻል ነበር።