የወር አበባን የሚያስተምር ፊልም፦ ያሳየውና የሸሸገው

የዋልት ዲስኒ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1946 ያዘጋጀው «የወር አበባ ታሪክ» የተሰኘ የ10 ደቂቃ የካርቱን ፊልም በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዓመታት ለልጃገረዶች ሲታይ ኖሯል። ዋነኛ ብርታቱ ርጋታው ነው። ተራኪዋ ያለ እፍረት የማሕፀን ግድግዳ የሚወፍርበትንና የሚፈርስበትን ምክንያት በሥዕል ታስረዳለች፤ በዚያ ወቅት ገላን መታጠብ ክልክል ነው የሚለውንም ልማዳዊ እምነት ትነቅፋለች።

ይሁን እንጂ በፊልሙ ውስጥ ደሙ ነጭ ነው። ይህ እንደ ተራ የቀለም ምርጫ ሊታለፍ አይገባውም። ፊልሙን ተመልክታ ወደ ቤቷ የገባች የ12 ዓመት ልጅ በልብሷ ላይ ቀይ ነገር ብታይ፣ የተማረችው ይኸው መሆኑን በምን ታውቃለች? በድንጋጤዋ ሰዓት ሊደርስላት የሚገባው ዕውቀት አስቀድሞ ተሰውሮባታል። ፅንስ እንዴት እንደሚፈጠርም አልተነገራትም። ወጪውን የሸፈነው የኮቴክስ መጠበቂያ አምራች ነበርና (ከፊልሙ ጋር የሚታደለውም አነስተኛ መጽሐፍ የእርሱው ነበር) ንጽሕናና መልክን ማሳመር ከሚገባው በላይ ጐልተዋል።

ይህንን ወይም መሰል ቪዲዮ በክፍል የሚያሳይ መምህር ምስሉ እንዳበቃ ሥዕሉን በሰሌዳ ላይ በቀይ ጠመኔ ደግሞ ሊሥለው፣ ተማሪዎቹም ያልተነገራቸውን እንዲጠይቁ ጊዜ ሊሰጥ ይገባዋል።