ፖስተሩ የማያናግራት ሴት

ጤና ጣቢያ ሄዶ ተራ የሚጠብቅ ሰው የሚነበብ ነገር ብዙ አይመርጥም፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ያነባል። እኔም በልጅነቴ ከእናቴ ጎን፥ በኋላም ለራሴ ጉዳይ፥ ያንን ግድግዳ ሳነብ ኖሬያለሁ። በአንድ ወገን ስድስት ሰባት ልጆች የከበቧቸው፥ ልብሳቸው የተቀዳደደ ባልና ሚስት። በሌላው ወገን ደብተር የያዙ ሁለት ልጆችና ፈገግ ያሉ ባልና ሚስት። ከሥር ቤተሰብን ስለ መመጠን የሚናገር ጽሑፍ። ሠዓሊው ይለያያል እንጂ ሥዕሉ አይለወጥም።

ይህን ሥዕል ማንም እንደ ሥዕል ሐያሲ ተመልክቶት አያውቅም መሰለኝ። እኔ ልሞክር። የመጀመሪያው ጉድለቱ ጨዋነት ማጣቱ ነው። ፊት ለፊቱ ካለው አግዳሚ ላይ አምስተኛ ልጇን ያዘለች፥ ነጠላዋ የተጣፈ እናት ተቀምጣለች። ግድግዳው ላይ ያለችው «መጥፎዋ» ሴት እርሷ ናት። ምክር ፍለጋ የመጣችን ሴት ገና ከበሩ መስደብ ምን የሚሉት ዘዴ ነው? «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው ተረት እኮ የሥዕሉን ያህል ስሕተት ቢኖርበትም፥ ቢያንስ የተወለደውን ልጅ አያሳፍረውም።

ሁለተኛው ጉድለት ከቃሉ ይጀምራል። «ምጣኔ» ጥሩ ቃል ነው። ከጓዳ የመጣ ነው፤ ምጥን ሽሮ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። እናቶቻችን ቅመሙን ከባቄላው ጋር ሲያመጣጥኑ እጃቸው ያውቀው የነበረ ሥራ ነው። ነገር ግን ቃሉ ወደ ጤና ጣቢያ የደረሰው ከጓዳ ሳይሆን ከምጣኔ ሀብት በኩል ይመስለኛል፤ ስለዚህም ልጅን ከእህል ጋር የሚያካፍል የሒሳብ ሽታ አለው። ከጎኑ «ወሊድ መቆጣጠሪያ» አለ፤ ኬላ የሚያስታውስ። «መከላከያ» አለ፤ ጦር ሠራዊት የሚያስታውስ። ከ1994ቱ እ.ኤ.አ. የካይሮ ጉባኤ ወዲህ ደግሞ «ሥነ ተዋልዶ ጤና» መጣ፤ በክፍል ውስጥ ካልሆነ በቀር አንዲት ሴት ለጎረቤቷ ስትናገረው ሰምቼ አላውቅም።

ዐይን አፋርነቱ ታሪክ አለው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን ማስተዋወቅን ያስቀጣ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ፥ ያ ሕግ ሥራ ላይ እያለ፥ ይህን አገልግሎት ለመስጠት የተቋቋመው ማኅበር «የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር» ተባለ። የልጅ ነገር በስሙ ውስጥ የለም፤ ለማያውቅ ሰው የፖሊስ መምሪያ ታናሽ ወንድም ይመስላል። ያ ስም የሥራ ብልኀት ሳይሆን አይቀርም፥ አልነቅፈውም። የምነቅፈው ብልኀቱ አስፈላጊ መሆኑ ካበቃ በኋላም እዚያው መቅረታችንን ነው። በ1985 ዓ.ም. የሕዝብ ፖሊሲ ሲወጣ መንግሥት ራሱ በአደባባይ ተናገረ። አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸውን ልጆች ከ7.7 ወደ 4 ለማውረድ፥ የመከላከያ ተጠቃሚዎችን ከመቶ 4 ወደ 44 ለማድረስ ታቀደ፤ ቀነ ገደቡ እ.ኤ.አ. 2015 ነበር። ግቡ ባይሞላም ጉዞው ቀላል አልነበረም፤ በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 4.6 ልጆችና ከመቶ 36 ባለትዳር ተጠቃሚዎች አገኘ። ያው ጥናት በአዲስ አበባ 1.8፥ በሶማሌ ክልል 7.2 ልጆች ይላል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሥዕል እንለጥፋለን።

ፍትሐዊ ለመሆን ከግድግዳው ወደ ራዲዮው ልዙር። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ራዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍል ነበረው፤ ከዐሥራ አምስት ሺህ በላይ የአድማጭ ደብዳቤ እንደ ደረሰው አዘጋጆቹ፥ ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባሉት፥ ተናግረዋል። ቀመሩ ከሜክሲኮ ነው፤ ሚጌል ሳቢዶ የተባለ ሰው ያወጣው። አንድ ደግ፥ አንድ ክፉ፥ አንድ ወላዋይ ገጸ ባሕርይ ይፈጠራል፤ አድማጩ ከወላዋዩ ጋር ይንከራተታል። ከሥነ ጽሑፍ አንጻር ቀመር የሚያሳፍር ነው። ደጉ እንደሚሸለም፥ ክፉው እንደሚቀጣ ቀድመን እናውቃለን። ታዲያ ለምን ተወደደ? ወላዋዩ ስለሚጠራጠር ነው። የሚጠራጠር ሰው እውነተኛ ሰው ነው። በግድግዳው ላይ ግን ማንም አይጠራጠርም፤ ወይ ተሳስቷል፥ ወይ ስቋል።

ስለ ሱቅም አንድ ነገር ካላልኩ ይቆጨኛል። በሰፈራችን ሱቅ «ሕይወት አለ?» ሲባል «ሕይወት አልቋል» የሚል መልስ የሰማ ሰው ኮንዶም እየተሸጠ መሆኑን እስኪረዳ ይደነግጣል። ስም አውጪው የዋዛ አልነበረም። መድኃኒት ቤት ያለችው ወጣት በበኩሏ አንገቷን ወደ መስኮቱ አስግጋ «ፖስት ፒል» ትላለች። የባዕዱ ቃል እንደ ነጠላ ፊቷን ይሸፍንላታል። አማርኛው ይህን መጋረጃ ነፍጓታል፥ ወይም ሳያስብላት ቀርቷል።

ያላሰበላት ይመስለኛል። ያው የ2008 ዓ.ም. ጥናት ያላገቡ ነገር ግን ፍትወተ ሥጋ የሚፈጽሙ ሴቶች ከመቶ 58 መከላከያ ይጠቀማሉ ይላል፤ ከባለትዳሮቹ እጅግ ይበልጣል። ግድግዳው ላይ ግን እነዚህ ሴቶች የሉም። በሃያዎቹ ዕድሜዬ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ነርሷ ካርዱን ከመክፈቷ በፊት «ባለትዳር ነሽ?» አለችኝ። አይደለሁም ስላት ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ። አልከለከለችኝም፥ አገልግሎቱም በነፃ ነበር። ነገር ግን ያን ቀን ያየችኝን አስተያየት ላለመድገም ስል ከዚያ በኋላ ገንዘቤን ይዤ መድኃኒት ቤት ተመላለስኩ። ገንዘብ የሌላት ምን ታደርግ?

የሥዕሉ ባልና ሚስት ተማክረው ወስነዋል፤ እንዲህ ያሉ ባለትዳሮች አሉ፥ ብዙም ናቸው። ሆኖም ከባለትዳር ተጠቃሚዎች ሁሉ የሚበዙት፥ ከመቶ 36 ውስጥ 23ቱ፥ የመረጡት መርፌን ነው። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ በየቀበሌው ጤና ኬላ ይገኛል፥ በየሦስት ወሩ ብቻ ነው። አንድ ምክንያት ግን ሴቶች ሲያወሩ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ መርፌ ቤት ውስጥ ምልክት አይተውም። እንክብል ከፍራሽ ሥር ይገኛል። በክንድ የሚቀበረው በጣት ይዳሰሳል። (በነገራችን ላይ «መቅበር» የሚለውን ግሥ ለሕያው ክንድ የመረጠልን ማን ይሆን?) አንዲት የሰፈራችን ሴት የቀጠሮ ካርዷን ዱቄት ዕቃ ውስጥ ትደብቅ ነበር። ለእርሷ የሚናገር ፖስተር ምን ዓይነት ይሆን ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ሌላም ዝም የተባለ ነገር አለ፤ ደም። ሴቶች መርፌውን ጀምረው ሲተዉ ከሚያነሡት ፍርሃት አንዱ የወር አበባቸው መቅረቱ ነው። «የት ሄደ? ሆዴ ውስጥ ተጠራቀመ?» ይላሉ። በግድግዳው ላይ ስለዚህ አንድ ቃል አላየሁም።

የሰማሁት ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ኬላ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ባሉ ኬላዎች የተመደቡት ሴቶች ሠላሳ ሺህን አልፈዋል፤ ያቺ አንዷ ነበረች። አንዲት እናት ያንኑ ጥያቄ ጠየቀቻት። ወጣቷ ወደ ፖስተሩ አልጠቆመችም፤ በርጩማዋን አስጠግታ፥ «እታለም፥ ቤቱ ካልተነጠፈ ምን ይጠረጋል? መርፌው ማሕፀንሽን እንዳያነጥፍ ነው የሚያደርገው፤ ስለዚህ የሚወርድ የለም፥ የሚጠራቀምም የለም» አለቻት። ሴትየዋ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፤ ቀጥላም እጅጌዋን ሰበሰበች። ስትወጣ ካርዷን ጠረጴዛው ላይ ተወችው፤ ቀጠሮዋን ግን በቃሏ እየደገመች ነበር።