«ጥሩ ነው» ሂስ አይደለም

ዓርማ አሠሪና ዓርማ ሠሪ ሲገናኙ ብዙውን ጊዜ የሚባለው ከሁለት አያልፍም፤ «ጥሩ ነው» ወይም «አልጣመኝም»። የመጀመሪያው ሠሪውን ያስደስተዋል፣ ሁለተኛው ያስከፋዋል። እርሳሱን የት ላይ እንደሚያሳርፍ ግን አንዱም አይነግረውም።

የለንደንን ኦሊምፒክ ዓርማ እናንሳ። ለ2012ቱ ጨዋታ የተሠራው ይህ ዓርማ እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ሲሆን ብዙ እንግሊዛውያን አወገዙት። የተሰባበሩ የሚመስሉት ቁጥሮቹ አስቀያሚ ተባሉ፤ 400 ሺህ ፓውንድ ወጣበት መባሉም ቁጣውን አባባሰው። እንዲቀየር ፊርማ ተሰበሰበ፤ ዓርማው ግን ሳይለወጥ ጨዋታው ተካሄደ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ፍሬ ያፈራው፣ ለማስተዋወቂያ የተሠራው ፊልም ብልጭታ የሚጥል በሽታ ሊቀሰቅስ ይችላል የሚለው ወቀሳ ነበር። የቱ ክፍል፣ ማንን፣ እንዴት እንደሚጎዳ ስለተናገረ አዘጋጆቹ ያንን ክፍል ወዲያው አነሱት።

ጋፕ የተባለው የአሜሪካ የልብስ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣውን አዲስ ዓርማ፣ ወቀሳው ሲበዛበት በሳምንት ገደማ ጥሎ ወደ አሮጌው ተመለሰ። ጩኸት ያስመልሳል እንጂ አያቃናም።

ጥፋቱ ግን የተጠያቂው ብቻ አይደለም። ይሉኝታ በሚያይልበት አገር «እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «ጥሩ ነው» ከመባል ሌላ ምን ይጠብቃል? ሥራውን ሳያብራራ ለማያውቀው ሰው ያሳይና «የምን ድርጅት ይመስልሃል?» ይበል። ከዚያ ይደብቀውና ያየውን በቃሉ እንዲሥልለት ይጠይቅ። ተመልካቹ ያልሣለው ክፍል ዐይን ውስጥ ያልገባ ክፍል ነው።

በእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ፈተና አለ። «ሱ» እና «ሲ» የሚለዩት በአንዲት ጭረት ቦታ ነው። ታፔላ ላይ ያማረው ዓርማ ማኅተም ውስጥ በአንድ ቀለም ሲያንስ ጭረቷ ከተዋጠች የድርጅቱ ስም ሌላ ሆኖ ይነበባል። «ፊደሉ እዚህ ላይ ተምታታብኝ» የሚል አንድ አስተያየት ከመቶ ሙገሳ ይበልጣል።

አሠሪውም «ቀዩን አረንጓዴ አድርገው» ብሎ መድኃኒት ከማዘዝ ሕመሙን ቢናገር ይሻላል፤ «ከመንገዱ ማዶ አይታይም» ይበል። መፍትሔው የባለሙያው ድርሻ ነው። ይህ ሁሉ ግን መባል ያለበት ማኅተሙ ሳይቀረጽ፣ ታፔላው ሳይሰቀል ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሂስ፣ እውነት ቢሆንም፣ የሚያተርፈው ወጪና ጸጸት ነው።