ከእህል ተለይቶ ዘር የሚሆነው

ማሽላው ሲጎመራ፣ አጨዳው ሳይጀመር፣ በወሎ፣ በሲሪንቃ ሜዳ፣ ማሳ ለማሳ የሚዞረውን ገበሬ እጅ ማየት ደግ ነው። ዛላው ስለተለቀ ብቻ አይቆርጥም። አገዳው ቀጥ ብሎ መቆሙን፣ ፍሬው እስከ ጫፉ መሙላቱን፣ ወፍና ተባይ አለመንካቱን ያያል፤ አንዲት ፍሬ ፈልፍሎ በጥርሱ ይሰብራል። የመረጠው ዛላ ከሌላው ጋር አውድማ አይወርድም፤ ቤት ገብቶ ከምድጃው በላይ ይንጠለጠላል፤ ጢሱ ነቀዝ ያርቅለታል። እህል የነበረው ዘር ተባለ ማለት ነው።

ቃሉ ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ የተሠራበት ሥራ ግን ረቂቅ ነው። ግዕዙ ዘርእ ይላል፣ ትግርኛው ዘርኢ። ዓረቡ ዘርዕ ሲል ቡቃያና አዝመራ ማለቱ ነው፤ ዕብራይስጡ ዜራ ሲል እንደኛው ፍሬውንም ትውልዱንም ይጠራል። እኛ የጉሮሮውን ድምፅ ጥለን ቃሉን አሳጠርነው፤ ካሳጠርነው በኋላ ደግሞ ያልጫንበት የለም። ዘር ማንዘር፣ ዘር ቆጠራ፣ ነፍስ ዘራ፣ ወሬ ዘራ። የቅኔ ቤት መምህራን ከግስ የሚወለደውን ስም እንኳ ሳቢ ዘር፣ ጥሬ ዘር እያሉ ይከፍሉታል። (ዘረኛ የሚለውን ያበጀ ሰው ግን እጁ ሻካራ ነበር።) ኦሮምኛ በሌላ ቃል እዚያው ይደርሳል፤ ሰኚ የሚዘራውም ነው፣ ወገንም ነው። በድምፅ ብቻ የሚቀርበን የፋርሱ ዘር ወርቅ ነው፤ የዕብራይስጡ ዜር የአበባ ጉንጉን። የኛን ዛር ለባለዛሮቹ እንተወው።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ብዙ የወሎ ገበሬ ከምድጃው በላይ የሰቀለውን አውርዶ በላ፤ ዘሩ ተመልሶ እህል ሆነ። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዘረ መል ባንክ ዋጋው የታወቀው ያኔ ነው። ባንኩን ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የአገሩን የዘር ሀብት ጠብቆ ለማቆየት በሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተዋል።

ዛሬ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አላት። ማዕከሉ ካወጣቸው ማሽላዎች መካከል ግራና-1፣ የጁና ራያ ይገኛሉ፤ ሁሉም በአገር ስም የተጠሩ ናቸው። ዝርያ ይሏቸዋል፤ እሱም ከዚያው ቃል የወጣ ነው።

በስም አወጣጥ ግን ለኔ የሚበልጠው ገበሬው ነው። በወሎ ወተት በጉንጬ የሚባል ማሽላ አለ፤ ማር ጩቄ የሚባልም አለ። የሁለቱም ፍሬ ጨምደድ ያለ ነው፤ ሙላቱን ብቻ የሚያይ መራጭ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ጥሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ በሺዎች የሚቆጠር የማሽላ ዘር መርምረው፣ ላይሲን በተባለው የፕሮቲን ክፍል ከሌላው በብዙ የሚልቁ ሁለት ዘሮች አገኙ። ሁለቱም የኢትዮጵያ፣ ፍሬያቸውም የጨመደደ ነበር። ገበሬው ላይሲን የሚባል ነገር አልሰማም። ምርታቸው ዝቅ እንደሚል እያወቀ ከሌላው ጋር ደባልቆ የሚዘራቸው፣ እሸታቸው ተጠብሶ ሲበላ ስለሚጣፍጠው ነው።