ሮንድ ወጪዎቹ

በቡሬ ዙሪያ በርበሬ በሚለቀምበት ወቅት ሌሊቱ ብርድ ነው። የገበሬው የዓመት ገንዘብ ግን ገና ስጥ ላይ ነው። ያን የሚጠብቅ፣ እግረ መንገዱንም የጎረቤትን በረት የሚያይ ሰው ምስጋና ይገባዋል።

ይህ የሌሊት ጥበቃ በከተማ ሮንድ ይባላል። ጋቢ የተከናነቡ ሁለት ሦስት ሰዎች ዱላና ባትሪ ይዘው በየተራ ሠፈሩን ያካልላሉ፤ የውሻው ጩኸት ሲበረታ ቆም ይላሉ፣ የማያውቁትን ሰው «ማነህ?» ይላሉ። ሲነጋ ሁሉም ወደየሥራው ነው።

ደመወዝ የለም።

አገሩ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል ነዋሪው ለአውጫጭኝ ይጠራ ነበር። የቀረ ይቀጣል፤ የመጣውም ወንጀለኛው እስኪታወቅ እንደ ልቡ ወደ ቤቱ አይመለስም። አውጫጭኝ ሌባ ያወጣ ነበር፣ ንጹሑንም ያንገላታ ነበር። ሮንድ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው፦ ከስርቆቱ በፊት ይደርሳል።

በኋላ በአማራ ክልል ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ሲዘረጋም፣ ለቀበሌው የተመደበው ፖሊስ ብቻውን ሁሉንም ሊያዳርስ አይችልም ነበር፤ ያገዘው የነዋሪው ዓይንና ጆሮ ነው። ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ ቀበሌው ሮንድ የሚወጡትን ሰዎች ስብሰባ ላይ በስማቸው ጠርቶ ቢያመሰግን፣ የባትሪ ድንጋይና የዝናብ ልብስም ቢገዛላቸው ያምርበታል።