አንድ ፒያኖ፣ ሦስት ትውልድ
«ፒያኖ ተጫዋቾች አብረው የሚጫወቱት ከስንት አንዴ ነው» በተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ላይ የቀረበ ሂስ



በአንድ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ሁለት ጊታር ተጫዋቾች ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ። መለከት ነፊዎችም ሦስትና አራት ሆነው ይሰለፋሉ። ፒያኖ ተጫዋች ግን ብቻውን ነው። በአዳራሹ ያለው ፒያኖ አንድ፣ መቀመጫውም አንድ ነውና ሌላው ባለሙያ የፊተኛው እስኪነሣ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህም የአንድ ከተማ ፒያኖ ተጫዋቾች የእድሜ ልክ ጓደኞች ሆነው እንኳ አንድም ቀን አብረው ሳይጫወቱ ሊያልፉ ይችላሉ። አሜሪካዊው የፊልም ሠሪ ስቲቨንሰን ፓልፊ በ1982 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጡት ዘጋቢ ፊልም ርእሱን ያገኘው ከዚሁ እውነት ነው። ፊልሙ የኒው ኦርሊንስ ከተማን የብሉዝ ፒያኖ ቅርስ በሦስት ትውልድ ተወካዮች አማካይነት ያሳያል።

ሦስቱ ባለሙያዎች

የመጀመሪያው በ1907 የተወለዱት ኢሲዶር ዋሽንግተን ናቸው፤ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው «ታትስ» በሚለው ቅጽል ስማቸው ነበር። ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከእነርሱ ቀድመው ከነበሩ ተጫዋቾች በጆሯቸው እየሰሙ የተማሩ፣ በመጠጥ ቤትና በጭፈራ ቤት ሙያቸውን ያሳደጉ ሰው ናቸው። ለብቻቸው የተጫወቱበት የስቱዲዮ አልበም የታተመው በ1983፣ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗቸው ሳለ መሆኑ ብዙ ይናገራል። በሚቀጥለው ዓመት በኒው ኦርሊንስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ሲጫወቱ ሳሉ ዐረፉ።

ሁለተኛው በ1918 በሉዊዚያና ግዛት በቦጋሉሳ የተወለዱት ሄንሪ ባይርድ ናቸው፤ የመድረክ ስማቸው «ፕሮፌሰር ሎንግሄር» ይባላል። ሥራ የጀመሩት በመንገድ ላይ በእግር ጭፈራ ነበር። ኋላም ፒያኖውን እንደ ከበሮ መቱት፤ እየተጫወቱ በእግራቸው የፒያኖውን ሳንቃ ይረግጡ ነበር። ግራ እጃቸው የካሪቢያንን ሩምባ ሲይዝ ቀኝ እጃቸው ብሉዙን ይጫወታል። ከዋሽንግተን ተምረዋል። በ1949 እና በ1950ዎቹ ያስቀረጿቸው ዘፈኖች የከተማዋ መለያ ሆኑ፤ ለባለቤታቸው ግን እንጀራ አልሆኑም። በ1960ዎቹ ባይርድ የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ ሱቅ ወለል እየጠረጉ ይኖሩ ነበር። በ1971 የከተማዋ የጃዝና የቅርስ ፌስቲቫል አዘጋጆች ፈልገው አግኝተው መድረክ ላይ አወጧቸው። በ1977 የተከፈተው «ቲፒቲናስ» የተባለው የሙዚቃ ቤት ስሙን የወሰደው በ1953 ከቀረጹት ዘፈናቸው ነው።

ሦስተኛው በ1938 የተወለዱት አለን ቱሳንት ናቸው። እርሳቸው የስቱዲዮው ትውልድ ናቸው፤ ደራሲ፣ አቀናባሪና ለሌሎች ዘፋኞች ሥራ አዘጋጅ። የሎንግሄርን ሸክላ እየሰሙ ያደጉ ሲሆን በጥሩ ልብስና በጨዋ አነጋገር ከሁለቱ አዛውንት ጎን ሲቀመጡ የጊዜው መለወጥ ያለ አንዳች ማብራሪያ ይታያል።

በቁልፎቹ መካከል ያለው ድምፅ

ብሉዝ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች በዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ ያበጁት ሙዚቃ ነው። የተለመደው ቅርጹ አሥራ ሁለት ባር ነው፤ አንድ ስንኝ ይባላል፣ ይደገማል፣ ሦስተኛው ይመልስለታል። ዘፋኙ ድምፁን በሁለት ኖታዎች መካከል ያዘነብላል። የማሲንቆ ተጫዋች ይህን ያውቀዋል፤ ጣቱን በጭራው ላይ አንሸራቶ የሚፈልገውን ድምፅ ያገኘዋል። የፒያኖ ቁልፍ ግን ወይ ይመታል ወይ አይመታም። በሁለቱ መካከል ያለው ድምፅ በመሣሪያው ላይ የለም።

የብሉዝ ፒያኖ ተጫዋቾች ጥበብ እዚህ ላይ ነው። ጎረቤታም የሆኑትን ሁለት ቁልፎች በአንድ ላይ ወይም አንዱን አስከትለው በፍጥነት ሲጫኗቸው፣ ጆሮ የሌለውን ድምፅ የሰማ ይመስለዋል። የፓልፊ ፊልም ትልቁ ጥንካሬ ይህ ጥበብ በሦስት እጆች ላይ በሦስት ዓይነት ሲሠራ ማሳየቱ ነው። ለወጣት ተማሪ ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጥ ያስተምራል።

በኢየሩሳሌም ለምንኖር አማርኛ ተናጋሪዎች ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። ከ1984 ጀምሮ በዚህችው ከተማ በኢትዮጵያ ገዳም ኖረው በ2023 በ99 ዓመታቸው ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የቅኝታችንንና የዜማችንን መለዋወጥ በፒያኖ ቁልፍ ላይ ለማውጣት ሲጥሩ ተመሳሳይ ችግር ገጥሟቸዋል። የውጭ ጸሐፊዎች ሙዚቃቸውን ከብሉዝ ጋር ሲያመሳስሉት ይሰማል። ምንጩ ግን የተለየ ነው፤ የእርሳቸው ከቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ከባህላዊው ቅኝትና ከአውሮፓ ክላሲካል ትምህርት የመጣ ነው። ተመሳሳይነቱ ያለው የማይታጠፍ መሣሪያን ለማጠፍ በተደረገው ትግል ላይ ነው።

ልምምዱና ለቅሶው

የፊልሙ ሐሳብ ሦስቱን ሰዎች ለአንድ የጋራ ኮንሰርት ሲዘጋጁ መከታተል ነበር። ልምምድን መምረጣቸው ብልህነት ነው። በኮንሰርት ላይ ያለቀለትን ብቻ እናያለን፤ በልምምድ ላይ ግን ማን ይጀምር፣ ማን ይከተል፣ ማን ዝም ይበል የሚለው ጥያቄ ገና ክፍት ነው። እያንዳንዳቸው ብቻቸውን አንድ ሙሉ ባንድ ለመሆን የለመዱ ናቸውና ሦስት ብርቱ ግራ እጆችን ማስማማት ቀላል አይደለም። ታላቅና ታናሽ፣ መምህርና ተማሪ በአንድ ክፍል ሲገኙ የአክብሮቱም የፉክክሩም ነገር አብሮ ይመጣል።

ኮንሰርቱ ሊቀርብ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በጃኑዋሪ 30 ቀን 1980፣ ባይርድ በ61 ዓመታቸው በድንገት ዐረፉ። ሦስቱ አብረው ሊያቀርቡት የነበረው ዝግጅት ከልምምድ ሳያልፍ ቀረ። ፓልፊ ካሜራቸውን አላጠፉም፤ ለቅሶውንና ቀብሩን ቀረጹ። በኒው ኦርሊንስ ጥቁሮች ልማድ ሙዚቀኛ ሲሞት የነሐስ መሣሪያ የያዘ ቡድን ሬሳውን በቀስታና በሐዘን ዜማ ይሸኛል፤ ከቀብር በኋላ ግን ዜማው ይፈጥናል፣ ሕዝቡም ከኋላ እየጨፈረ ይከተላል። ፊልሙ ይህን የሚያሳየው ለቱሪስት እንደሚታይ ትርኢት አይደለም። አሁን ስንጫወት ያየናቸውን ሰው እየሸኘን ነውና እኛም ከለቀስተኞቹ እንደ አንዱ እንሆናለን።

የሰው ለቅሶ በካሜራ መቅረጽ ተገቢ ነውን ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ፓልፊ መብቱን ያገኙት አስቀድመው በሕይወት ሳሉ ባይርድን በትዕግሥት በማዳመጣቸው ነው። ለቀብር ብቻ የመጣ ካሜራ ቢሆን ኖሮ ፍርዴ ሌላ በሆነ ነበር።

ጉድለቶቹ

የፊልሙ ዋና ጉድለት የሴቶች ዝምታ ነው። የኒው ኦርሊንስ ፒያኖ የወንዶች ብቻ ሙያ አልነበረም። ታዋቂው ጄሊ ሮል ሞርተን በ1938 ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሲቀረጽ መጀመሪያ ከሰማቸው የብሉዝ ተጫዋቾች አንዷ አድርጎ የጠቀሳት ሜሚ ዴዱን የምትባል ሴት ነበረች። ፊልሙ በወጣበት ዓመትም «ስዊት ኤማ» ባሬት የተባሉት አንጋፋ ፒያኖ ተጫዋች በሕይወት ነበሩ፤ በ1983 ነው ያረፉት። ሦስት ወንዶችን በአንድ መስመር አሰልፎ «ትውልድ» ማለት ቅርሱን ከግማሽ በታች ማድረግ ነው።

ከዚህ ጋር ሊነጻጸር የሚገባው ክሊንት ኢስትውድ በ2003 ያዘጋጁት «ፒያኖ ብሉዝ» ነው። ማርቲን ስኮርሴዚ ካስተባበሯቸው ሰባት ፊልሞች አንዱ ሲሆን ሬይ ቻርልስን፣ ፓይንቶፕ ፐርኪንስን፣ ዶክተር ጆንን፣ ሴቷን ማርሻ ቦልንና ሌሎችንም ያቀርባል። ስፋቱ የሚመሰገን ነው፤ ይሁን እንጂ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚፈጥን አንዱንም ጠልቀን ሳናውቅ እንለያያለን። ብዙ ስም ለማወቅ የኢስትውድ ይሻላል፤ ሙያው ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚተላለፍ ለመረዳት ግን የፓልፊ ይበልጣል።

የሚተርፈው ምንድን ነው?

በኦገስት 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ሲመታ የቱሳንትም የፓልፊም ቤት በጎርፉ ተጥለቀለቀ። ፓልፊ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ዐረፉ፤ በእጃቸው የነበረው ስለ ቱሳንት የሚተርክ ፊልም ሳያልቅ ቀረ። ቱሳንትም በ2015 በማድሪድ ከኮንሰርት በኋላ ዐረፉ። ዛሬ ከሦስቱ ተጫዋቾች አንድም በሕይወት የለም። ፊልሙ ግን አለ። ባይርድ ከመሞታቸው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የተቀረጸው ረጅም ቃለ መጠይቅም ከፓልፊ ሞት በኋላ ለሕዝብ ቀርቧል። ለተመራማሪዎች ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ለፊልም ተቆርጦ የቀረውን ቅጂ አትጣሉ፣ የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ እርሱ ነውና።

ለቤተሰቦች ደግሞ የምለው አጭር ነው። ይህን ፊልም ከልጆቻችሁ ጋር እዩት። እንግሊዝኛውን ባይከታተሉም እጆቹን ይከታተላሉ። ከዚያም በቤታችሁ ዜማ የሚያውቅ፣ ክራር የሚደረድር ወይም በሠርግ ላይ የሚያወርድ አዛውንት ካለ፣ «በበዓሉ እንቀርጸዋለን» እያላችሁ ቀጠሮ አታብዙ። የፓልፊ ሦስት ሰዎች ቀጠሯቸውን አልደረሱበትም። ያገኘነው በልምምዱ የተቀረጸውን ነው፤ እርሱም ባይቀረጽ ኖሮ ምንም አልነበረንም።